ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሰሙት ሰው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጃንጥላ ሰጡኝ። ከሠላሳ ዓመት ጥቂት ፈሪ የስሜንና የደንቢያ ዝናብ ሲደበድበኝ ኖሮ፣ ቤቴ ልቀመጥ ስል ጃንጥላ! አዛዡ ንግግር አደረገ። ስሜን ተሳስቶ የሌላ ሰው ስም ጠራ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ምን ላድርግ? ይዤው ስወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ጃንጥላው እስካሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አንድም ቀን አልዘረጋሁትም።

የፖሊስ መርማሪ ነበርሁ። ጣሊያን በወጣ ማግሥት ጎንደር ከተማ ተቀጥሬ፣ አዘዞ፣ ጠዳ፣ ዳባት፣ ኋላም ጃናሞራ ድረስ ተመላልሻለሁ። አለቃማ ስንቱን አየሁ! አንዱ ፉጨት ይወድ ነበር፤ ለሻይም ለሌባም ያፏጫል። አንዱ ደግሞ ወንጀለኛ ከሚያመልጠው ማኅተም ቢጠፋው ይብሰው ነበር። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ ዛሬ የጾም ቀን ነው።

የእኔ ሙያ ዓይን ነው። ዱካ አወጣለሁ። በጭቃ ላይ ያለፈው በሬ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ ነጂው ሸክም ይዞ ይሁን ባዶውን፣ ከካፊያው በፊት ይሁን በኋላ ያለፈ፣ መሬቱ ይነግረኛል። ሰው ይዋሻል፤ መሬት ግን ምን አተርፍ ብሎ ይዋሻል? እንዲህ እያልሁ ነው የኖርሁት። አሁን «ታከለ መራራ ሆነ» ይሉኛል። አዎን፣ ሆኛለሁ። ለምን እንደሆንሁ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አንድ ልጅ ሳያውቅ እስከነካካው ድረስ።

ልጁ ከቤቴ ጎን ያለችውን ክፍል የተከራየኝ መምህር ነው፤ ሙሉጌታ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ። ሸጋ ልጅ ነው። ጥፋቱ፣ መጽሐፍ ያነበበ ዕለት ያነበበውን ለሌላ ሰው ካልተነፈሰ ምግብ አይወርድለትም። አንድ እሑድ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ቸግሮኛል። የመምህራን ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ ታዝዣለሁ። ስዊስ አገር የነበረ አንድ የአእምሮ ሐኪም የሰውን ጠባይ በየዓይነቱ ከፍሎታል፤ ስለሱ ነው። ሁሉንም በአማርኛ አሰናዳሁት፤ አንዱ ግን አልያዝ አለኝ።»

«ማን ይባላል እሱ አንዱ?»

«ኢንትሮቨርትድ ኢንቱዊሽን።»

«እግዚኦ! በሽታ ነው?»

ሳቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰው ዓለሙን የሚያውቅበት አራት መንገድ አለው ይላል ሐኪሙ። ያስባል፤ ይወዳል ወይም ይጠላል፤ በዓይን በጆሮው ይቀበላል። አራተኛው ግን» ብሎ እጁን አወዛወዘ፣ «ሳያሰላው፣ አየሁ ሰማሁ ሳይል፣ ነገሩ ድንገት ሙሉውን ይመጣለታል። ይኼ ነው ኢንቱዊሽን። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ወደ ውጭ የዞረና ወደ ውስጥ የዞረ።»

«ወደ ውጭ የዞረው ምን ያደርጋል?»

«ነጋዴ ልበልዎት። መንገድ ዳር ወድቆ የቀረ የጣሊያን ማኪና ያያል። ወዲያው ጎማው ጫማ፣ ቆርቆሮው ክዳን፣ ብረቱ ማረሻ ሲሆን ይታየዋል። አንድ ነገር አይቶ አሥር ያወጣል። ወደ ውስጥ የዞረው ግልባጩ ነው፤ አሥር ነገር ይገባበትና አንድ ሥዕል ይወጣዋል። ፊቱን ከነገሩ ያዞራል፤ የሚያየው ከውስጡ የሚነሣውን ሥዕል ነው። ምክንያት ቢሉት ምክንያት የለውም፤ ከድብቁ ኅሊና ነዋ የሚመጣለት። እግሩ ሥር ያለው ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ የሩቁን ግን ያያል። እና ‹የነቢያት ስጦታ› ብዬ ልተርጉመው አሰብሁ።»

እኔ ቱግ አልሁ። «የነቢያት ስጦታ? እንደሱ ብለህ ካወራህ ከቤቴ ትወጣለህ!» አልሁት። ልጁ ክው አለ። ባለቤቴ ከጓዳ «ምነው? ምን አደረገህ?» እያለች መጣች። ምንም አላደረገኝም። የአያ ቢያድግልኝን ስም ሳያውቀው ስለጠራብኝ ነው። አንድ ሰው መጽሐፍ ከፍቶ የአስተማሪዬን መልክ ከነመደናቀፋቸው ሲያነብልኝ ምን ልሁን? ቁጭ በል ብዬ ነገርሁት። ይኸው እዚህ የምጽፈውም ለሱ የነገርሁትን ነው።

አያ ቢያድግልኝ የምርመራ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ሳይመረቁ ወጥተው፣ ዞረው ዞረው ፖሊስ ቤት የደረሱ፣ ረዥም፣ ሲራመዱ የሚንገዳገዱ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ደኅና ነው፤ ግን አያዩበትም። ለዓመታት የተቀመጡባት በቅሎ ቀለሟ ምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው ብዙ አሰቡና «በቅሎ ቀለም ናት» አሉን። ኮፍያቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ይፈልጉታል። ከቢሮው ደፍ ጋርማ የደም ባላንጣ ነበሩ፤ ሳያደናቅፋቸው የገቡበትን ቀን አላስታውስም።

ምስክር ሲቀርብ ጀርባቸውን ይሰጡታል። ሰውየው ከኋላቸው ተቀምጦ ያወራል፤ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ። «ፊቱን ካየሁ ፊቱን ነው የምሰማው» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ጸሐፊም ወረቀትም አይቀርብም። ስለ ነገሩም አይጠይቁትም፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ላሙ፣ ያን ለት ምን በልቶ እንደወጣ ነው የሚጠይቁት። አዲስ ሹም የመጣ እንደሆነ «ይኼ ሽማግሌ ጃጅቷል እንዴ?» ይላል። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ይይዛሉ። እኛ «ቅኔ ቆጠራ ገቡ» እንል ነበር፤ የቅኔ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲያወጣ እንደሚሆነው ነበር የሚሆኑት። ያን ጊዜ ቢጠሯቸው አይሰሙም፤ ምግብ ቢቀርብም ይቀዘቅዛል። ብድግ ሲሉ ቃላቸው አንድ ነው፤ «ታየኝ።»

ምን እንደታያቸው ይናገራሉ። ለምን እንደታያቸው ግን እሳቸውም አያውቁትም። ብንጨቀጭቃቸው ይቆጣሉ። ያንን ሥዕል ይዤ እግር የማወጣለት፣ ማስረጃ የምፈልግለት እኔ ነበርሁ። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ገና በመጀመሪያው ወር ነው የነገሩኝ። «ታከለ፣ ሥዕል ከነገርሁህ ሂድ። ስም ከነገርሁህ ግን አትመነኝ። ሥዕሉ ይመጣልኛል፤ ስሙን የምጨምረው እኔ ነኝ።» ከዚያ ወዲህ በየሥልጠናው ስንት ነገር ተነገረኝ፤ ይህን የሚያህል ግን አልሰማሁም።

አንድ ጊዜ ከተማ ውስጥ ካለ ደብር የብር መስቀል ጠፋ። ሦስት ሰዎች ተጠርጥረው መጡ። አያ እንደ ልማዳቸው ሰሟቸው፤ ተከናነቡ፤ ተነሡ። «ታየኝ። ጨለማ ነው። ከላይ የሚያንቀላፉ አሉ፤ ከሥራቸው ብር ይበራል።» እኔ ቤት ለቤት ዞርሁ። ከሦስተኛው ሰው ቤት፣ ዶሮዎቹ ከሚያድሩበት ቆጥ ሥር፣ ገለባ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከተማው ጉድ አለ። አንዱ «መንፈስ አለባቸው» አለ፤ ሌላው «ዐውደ ነገሥት ገልጠው ነው» አለ።

እኔ ግን አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። ያ ሰው ለጥያቄ ሲገባ በነጠላው ትከሻ ላይ የደረቀ የዶሮ ኩስ ነበረበት። በራፉ ላይ አያን ታኮ ሲያልፍ ትከሻው አፍንጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«አያ፣ ኩሱን አይተው ነው አይደል?» አልኋቸው።

«የምን ኩስ?»

«ነጠላው ላይ የነበረው ነዋ!»

«ነጠላ ለብሶ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ስለሳቅሁ ሳቁ። ያን ቀን የሳቅሁበት ነገር ኋላ ምን እንደሚያመጣ ባውቅ ኖሮ አልስቅም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጃናሞራው ነገር ልምጣ። ልቤ እምቢ እያለኝ ነው የምጽፈው።

ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለ አንድ መንደር ጣሰው የሚባል ደኅና ገበሬ በእሑድ ማለዳ ቤቱ ውስጥ በመጥረቢያ ተገደለ። ታሞ የሰነበተ ሰው ነበር። ወጣት ሚስት ነበረችው፤ አንጓች ትባላለች። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ በደም ተነክሮ አገኘሁት ብላ ጮኸች። እኛ እስክንደርስ በረዶ ወርዶ ምድሩን አጥቦታል፤ ዱካ የሚባል ነገር የለም። ያን ቀን ዓይኔ ሥራ ፈታ። እኔ ከወንዝ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ወንዝ ስንከራተት፣ አያ ግቢው ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው አንጓችን ብቻዋን ያናግሯት ነበር።

ስመለስ ተከናንበዋል። ጠበቅሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተገለጡ።

«ታየኝ። በር ነው፤ ክፍት። ክብ ድንጋይ ደግፎታል። ነፋስ ይመታዋል፤ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ውስጥ ያለ ሰው የሚመጣ ሰው ይጠብቃል።»

«ማን ነው የሚጠብቀው?»

«ስም የለውም። ቆይ፣ አትቸኩል።»

እኔ ለመቆየት ዝግጁ ነበርሁ። አዛዣችን ግን አልነበረም። ከላይ እየተጨቀጨቀ፣ ሹመት እየሸተተው የመጣ ሰው ነው። «ነገ አውጫጭኝ ይቀመጥ!» ብሎ አዘዘ።

አውጫጭኝ የማታውቁ ልጆች አላችሁ፤ ላስረዳ። ወንጀለኛ ሲጠፋ ያገሩ አባወራ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አዝመራም ቢሆን፣ ላምም ብትወልድ። ሽማግሎች ተመርጠው ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሰው አንድ ባንድ እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይናገራል። ማን እንደነገረው አይጠየቅም። «ወፍ ነገረችኝ» ካለ በቃ። ከዚያ የወፎቹ ቃል በአደባባይ ይነገራል፤ አገሩም ይምልበታል። ሰው ጎረቤቱን ሳይፈራ እውነቱን እንዲያወጣ የተበጀ ነው፤ ብዙ ሌባ ይዞልናል፤ አልክድም። ጉዳቱ ግን ወፏ ጎጆዋ የት እንደሆነ አለመጠየቋ ነው።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲንሾካሾክ ዋለ። ወደ ማምሻው ሽማግሎቹ ተነሡና ተናገሩ። «አንድ ወፍ አይደለችም፤ ብዙ ናት። ቃላቸው አንድ ነው። በሩ ከውስጥ በክብ ድንጋይ ተደግፎ ነበር። ሴትዮዋ የሚመጣ ሰው ትጠብቅ ነበር፤ ገዳዩን በር ከፍታ ያስገባች እሷ ናት።»

አያ ቢያድግልኝ ፊታቸው በራ። ክንዴን ያዙኝ። «አየህ ታከለ? አገሩም አየው!» አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩትን ሌላ ሰው አየልኝ ብለው ነው፤ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። እኔ ግን ክንዴን አስለቀቅሁ።

«አያ፣ ይኼ የእርስዎ ቃል ነው እኮ። ክብ ድንጋዩም፣ የሚመጣ ሰው መጠበቁም። ለማን ነገሩት?»

«ለማንም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ትናንት ቄሰ ገበዙ ራት ሲያበሉን» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ያጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አለቃ ናቸው፤ ያደርነውም እሳቸው ቤት ነው። አያ ሲበሉ ለራሳቸው እያጉረመረሙ ሥዕሉን ተናግረውታል። ቄሱ ለባለቤታቸው፣ ባለቤታቸው ለጎረቤት፤ ሲነጋ መንደሩ ሁሉ «የጎንደሩ አዋቂ እንዲህ ታያቸው» ሲል አድሯል። ሜዳው ላይ ግን ማንም የአዋቂውን ስም አላነሣም። ሁሉም ወፍ ነገረችኝ ነው ያለ። ደግሞ ሥዕሉ ስም አልነበረውም፤ ስሙን መንደሩ ጨመረበት። ለባዕድ አገር ልጅ፣ በመንደሩ ዘመድ ለሌላት፣ ገና መሬቱን ትወርሳለች ተብሎ ለተፈራች ሴት ስም መጨመር ምን ይከብዳል?

አያ ወዲያው አዛዡ ዘንድ ሄዱ፤ ተከተልኋቸው። «ይህ የአገሩ ምስክርነት አይደለም፤ የኔ የሽማግሌው ቃል ነው ዞሮ የመጣው» አሉት።

«እርስዎ ያዩትን አገሩም ካየው ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አላቸው።

«እኔኮ በር ነው ያየሁ! እሷን አላየሁም።»

«በር ከውስጥ የሚከፍተው የቤት ሰው ነው። የቤት ሰው ደግሞ እሷ ናት። ሕዝቡ ሊምል ነው፤ እባክዎ ገለል ይበሉ» አለና ፊቱን አዞረ። ሕዝቡም ማለ። እጁን አንሥቶ፣ ቄሰ ገበዙ መስቀል ይዘው፣ ሁሉም ማለ።

ፍርድ ቤት ስትቀርብ አንጓች ካደች። «በሩን ዘግቼ ነው የወጣሁ፤ የምን ድንጋይ?» አለች። እኔ ተጠራሁ። ድንጋይ በበሩ አጠገብ ነበር ወይ ተባልሁ። ነበር፤ አይቼዋለሁ፤ መዋሸት አልችልም። «ነበር፤ ግን በጃናሞራ ነፋስ በር የማይደግፍበት ድንጋይ የሌለው ቤት የለም» አልሁ። ዳኛው «የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ» አሉኝ። ከንግግሬ የተወሰደው «ነበር» የምትለዋ ብቻ ናት። ዕድሜ ልክ ፈረዱባት። አዛዡ በዚያው ዓመት ተሾመ።

ከዚያ በኋላ አያ «ታየኝ» ብለው አያውቁም። ምስክር ይሰማሉ፤ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ ግን አይከናነቡም። «ምነው አያ?» ስላቸው «ደረቀ» ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎንደር እስር ቤት ለአንጓች ስንቅ ያደርሱ ጀመር። በሶ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም ዳቦ። ሳይነካ ይመለሳል። ላናግራት ይላሉ፤ አልወጣም ትላለች። ለሌላ ሰው ትወጣለች፤ ለእኔም ወጥታልኛለች፤ ለእሳቸው ግን በፍጹም። «ምን አደረግኋት ይሆን?» ብለው ይጠይቁኛል። «ዓለሙን ሁሉ ተቀይማ ነው» እላቸዋለሁ። ሌላ ምን ልበል? እኔም አላውቅም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ ለሥራ ዳባት ወርጄ ከዚያው መንደር የመጣ ነጋዴ አገኘሁ። ነገሩን እንደ ዋዛ ነገረኝ። የጣሰው ወንድም ፈንታ ሳምባው ታሞ ሊሞት ሲል ለንስሐ አባቱና ለሽማግሎች ተናዟል። በመሬት ምክንያት ነው የገደለው፤ ወንድሙ ታሞ በሩ ክፍት ሆኖ አግኝቶ ነው። ሽማግሎች ተቀምጠው ለቤተ ክርስቲያን በሬ አስገቡት፤ ዝም አሉ፤ ፈንታም ሞተ። «ሴትዮዋስ?» አልሁት። «እንዴት ብሎ ነው? አገር ሙሉ ምሎ የለም? አሁን ቢወጣ ሁሉም በሐሰት መማሉ አይደል? ከአገር መሐላ ያንዲት ሴት መታሰር ይሻላል ተባለ» አለኝ። እያወራ ጎመን ይበላ ነበር። እንዳልመታው እጄን በእጄ ያዝሁ።

ከአያ ጋር ሆነን ያንኑ የተሾመ አዛዥ ደጅ ጠናን። ሰማንና «የሞተ ሰው ተናዘዘ ተብሎ የተፈረደ ነገር ይፈርሳል?» አለ። ደጋግመን ብንሄድ አላስገባ አለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጠራ እኮ! ጠርቶ ማን አየው?

በመጨረሻ በአንድ በዓል እስረኞች በምሕረት ሲለቀቁ እሷም ተለቀቀች። ምሕረት ተደረገላት ተባለ። ምን አጥፍታ? ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አያ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው፣ በከዘራ ነው የሚሄዱ። ውሰደኝ አሉኝ፤ ወሰድኋቸው። ከእስር ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆምን። አንጓች አንዲት ጥቅል ይዛ ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ስትገባ ልጅ ነበረች። አያ ከዘራቸውን ጥለው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ያየሁትን ለሰው ተናገርሁብሽ።»

«ያዩትን?» አለች። ቆመች። ሳቅ የመሰለ ነገር አፏ ላይ መጣ። «እርስዎ ምን አዩ? እኔ አይደለሁ የነገርኩዎ?»

አያ ቀና አሉ።

«ግቢው ውስጥ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ተቀምጠው፣ ከቤት ስትወጪ ምን አደረግሽ አሉኝ። ጣሰው ፀሐይ ልይ አለኝ፤ ነፋሱ እንዳይዘጋበት በሩን በድንጋይ ደገፍሁለት፤ ከወንዝ ራሴ ያመጣሁት ክብ ድንጋይ ነው፤ ቶሎ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ አለኝ አልኩዎ። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርሁ። ሌላ ሰው አልጠየቀኝም። በነጋው ያቺኑ ቃሌን አገር ይዞ መጣብኝ። ካገሬ የመጣ አጎቴ ‹ካጂ፤ ድንጋይ የሚባል አላውቅም በዪ› አለኝ፤ ካድሁ። እውነቴን ለእርስዎ ሰጥቼ ውሸት ብቻ ቀረልኝ። ምነው አያ? ምን በደልኩዎ? ስሸጥ ስንት አገኙብኝ ብዬ ስንት ዓመት አሰብሁ!»

እኔ አያን አውቃቸዋለሁ፤ አልዋሹም። ሰምተዋታል፤ የሰሙት ወደ ውስጥ ሰጠመ፤ ተከናንበው ሲቀመጡ ሥዕል ሆኖ ተነሣላቸው። እሳቸውም እውነት የታያቸው መሰላቸው። በሩ ክፍት ነበር፤ ድንጋዩም ነበር፤ ውስጥ የሚጠብቀውም ያ በሽተኛ ባሏ ነበር። አንድም ውሸት አልነበረበትም። የነገረቻቸው እሷ መሆኗ ብቻ ጠፋ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልን እየተረትን፣ ያገሩን ሁሉ ወፍ ጎጆ ፍለጋ ዞረን፣ የእኛን የራሳችንን ጎጆ አልጠየቅንም።

«አልሰማሁሽም ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» አለችና ጥቅሏን ይዛ ሄደች። አያ ፊቷን እስክትዞር ድረስ ትክ ብለው አዩት። የሰው ፊት እንደዚያ ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙብኝ። «ታከለ፣ ያ መስቀሉ፤ ቆጡን ማን ነበር የነገረኝ?»

«የዶሮ ኩስ ነበረ አያ፤ በሰውየው ትከሻ።»

«አየሁት እንዴ?»

«ዓይንዎ አይቶታል። ለእርስዎ ግን አልነገረዎትም።»

«እንግዲያ እኔ በዕድሜዬ ምን አየሁ?» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ቤታቸው አደረስኋቸው። የዚያኑ ክረምት አረፉ። ለቀብራቸው የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ብሩ መስቀል ነበር የሚያወራው።

አንጓች አሁን እዚሁ ጎንደር ገበያ ጌሾ ትሸጣለች። መሬቷን የፈንታ ልጆች ያርሱታል። ሳልፍ እጅ እነሣለሁ፤ አትመልስልኝም። ያቺ «ነበር» ያልኋት ቃል አለችብኝ፤ ባትመልስልኝ ልክ ናት።

ይህን ሁሉ ለሙሉጌታ ስነግረው ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ልጅ አይደል፣ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልተርጉመው ጋሼ?»

«ወደ ውስጥ የዞረ ዕውቀት በለው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው በል። ያየውን ያምናል፤ መጀመሪያ የነገረውን ሰው ግን ይረሳል ብለህ ጨምር።»

ጻፈ። ከዚያ የመጽሐፉን ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገ። «የመጨረሻው እዚህ የለም፤ መጽሐፉ እንደሱ አይልም» አለኝ።

«አይልማ» አልሁት። «አንጓችን ማን ጠይቋት!»